የሰይዶ ቤልጅግ

አንድ ጠመንጃ፣ ያ ጠመንጃ የሚሆነው በየትኛው ክፍሉ ነው?

ጥያቄው የጠመንጃ ምዝገባው ኃላፊ የታጋይ አምሀ ነበር። ፊያት መኪናችን ከቡታጅራ ወጥታ ወደ ቡኢ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ፣ አምሀ በእኔና በሾፌሩ በሽባባው መሀል ተጣብቆ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ያጋደመውን ጠመንጃ ያገላብጥ ነበር።

«ባለፈው ሰሞን አፈሙዙ የተቀየረ ምንሽር አሳለፍሽ። ትናንት ሰደፉ የተቀየረ አሳለፍሽ። ዛሬ ማቀባበያው የተቀየረ ሲመጣ ‹የተገጣጠመ› ብለሽ ፈረምሽ። እስቲ ንገሪኝ ኢንጂነር፣ ጠመንጃው የቱ ጋ ነው ያለው?»

«እንጃ» አልኩት።

«ይኸው!» አለ ሽባባው መሪውን ከጉድጓድ እያሸሸ። «አውሮፓ ድረስ ልከው አስተምረዋት ‹እንጃ› ብላ መጣች። እንጃማ እኛም እናውቃለን፤ እዚሁ ቡታጅራ ነው የተማርነው።»

አምሀ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከኋላችን፣ በሸራ ከተሸፈነው የጠመንጃ ክምር አጠገብ፣ የዚህ ቤልጅግ ጠመንጃ ባለቤት ጋሽ ሰይዶ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እዚያ ያስቀመጣቸው የእኔ ፊርማ ነው።

1985 ዓ.ም. ነበር። የቀድሞው ጦር ከተበተነ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ወታደሩ ጠመንጃውን በአንድ ሱሪና በአንድ ሸሚዝ እየለወጠ ወደየቤቱ ገብቷል። የጦሩ መጋዘኖች ተሰብረዋል። ገበሬው ከአያቱ የወረሰውን አሮጌ መሣሪያ፣ መንገድ ላይ በለወጠው ዕቃ ጠግኖ ይዞታል። መንግሥት ደግሞ ጠመንጃ ሁሉ ይመዝገብ ብሏል። ሙሉ ሆኖ ከአባት የወረደ ጠመንጃ ተመዝግቦ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከመጋዘን በተዘረፈ ዕቃ የተገጣጠመ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ይቀልጣል፤ ባለቤቱም ዕቃውን ከየት እንዳመጣው እዚያው ይጠየቃል። «ይጠየቃል» የምትለዋ ቃል ስንት ወር እንደምትፈጅ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ሙሉውን ከተገጣጠመው የሚለይ ሰው ሲፈለግ የእኔ ስም ተነሳ። ኑኃሚን እባላለሁ። ያደግኩት ቡታጅራ ነው፤ እናቴ መምህርት ዓለምዘውድ ከሰሜን ተመድባ መጥታ እዚያው የቀረች አስተማሪ ነበረች። እኔ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ብርኖ ከተማ፣ የብረት ነገር ተምሬ ነው የተመለስኩት። የተማርኩበት አገር እኔ ከወጣሁ በኋላ በስምምነት ለሁለት ተከፈለ። እዚህም ሬድዮው የሚያወራው ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደሚለይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የተገጣጠመ ነገር ሁሉ ያጠራጥራል። አንዳንድ ቀን ራሴንም ስመለከት፣ እዚህ የተሠራው የቱ ነው፣ እዚያ የተገጠመው የቱ ነው እላለሁ።

ሥራው በራሱ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ብረት ይናገራል። የኦስትሪያው ምንሽር ባለ ሁለት ራስ ንስር ተመትቶበታል። የጣሊያኑ ላይ ፋሽስቶች ዘመናቸውን የቆጠሩበት የሮማ ቁጥር አለ። ቤልጅግ ደግሞ በትንሽ እንቁላል ቅርጽ ውስጥ የፋብሪካ ከተማውን ፊደላት ይይዛል፤ ማቀባበያው የሚገባበት ዋና ብረት፣ ገላው ላይ፣ የዘውዱ አንበሳ አለ። ባለቤቶቹ ሌላ ታሪክ ቢነግሩኝም ብረቱ የራሱን ይነግረኛል። ደበሌ የሚባሉ ደረተ ሰፊ ሽማግሌ ውጅግራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድመው፣ «ይህ ጠመንጃ ማይጨው ዘምቷል!» ብለው ሲፎክሩብኝ፣ አገላብጬ አየሁትና፣ «አፈሙዙ ዘምቶ ይሆናል ጋሼ፤ ሰደፉ ግን የትምህርት ቤት ወንበር ነበር» አልኳቸው። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። ደበሌ ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና፣ «ታዲያ ወንበሩስ ቢሆን ስንት ልጅ ተሸክሟል!» አሉ። አሳለፍኩላቸው።

ጋሽ ሰይዶ የመጡት መንገድ በጀመርንበት ዕለት ጠዋት ነው። ከመስቃን በእግራቸው። ኮፊያቸው ንጹሕ ነጭ፣ ጠመንጃቸው በቅቤ የታሸ። ገላው ላይ 4417 የሚል ቁጥር አለ። አፈሙዙ 4417። የሆድ ብረቱ 4417። ሰደፉን ስፈታው ከእንጨቱ ውስጥ እንኳ 4417 ተመትቷል። ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚያጎርሰው ማቀባበያ ግን 2093 ይላል።

«ይህ ማቀባበያ ከየት መጣ?»

ኮፊያቸውን አስተካከሉ።

«ከወታደር ገዝተውት ነው?» አላቸው አምሀ። «አባቴ፣ አይፍሩ። ይንገሩን።»

«አልገዛሁትም።»

«ታዲያ?»

«አላህ ያውቃል።» ከዚያ ከአምሀ ዞር ብለው እኔን አነጋገሩኝ። «አንቺ የመምህርት ዓለምዘውድ ልጅ አይደለሽም? እናትሽ ልጆቼን ሁሉ ስታስተምር አንድም ቀን ‹ከየት መጣችሁ› አላለችም።»

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ባለ ሌላ ቁጥር ሆኖ ምንጩ ያልተነገረ ዕቃ እንደተዘረፈ ይቆጠራል፤ ፈረምኩ። ጠመንጃው መኪና ላይ ሲጫን ሰይዶ ማንም ሳይነካቸው የፊያቷን ጎን ጨብጠው ወጡ። «እሱ ከሄደ እኔም አብሬው ነኝ» አሉ።

አሁን በመንገድ ላይ የአምሀ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ ተቀበልኩት። ማቀባበያውን ስቤ አወጣሁና የኪስ መስታወቴን አስገብቼ የገላውን ውስጥ አየሁ። ጠዋት ቁጥር ብቻ ነበር ያየሁት፤ ቁጥር ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አላየሁም።

ማቀባበያው ጫፍ ላይ ሁለት ጥርሶች አሉ። ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር እነዚያ ጥርሶች ወደ ኋላ እየተገፉ ገላውን ይጫኑታል። ብረትና ብረት ለብዙ ዘመን ሲጫጫን አንዱ የሌላውን መልክ ይይዛል። እዚህ ግን የጥርሶቹ ጠባሳ ከገላው ጠባሳ ጋር አይገናኝም። ማቀባበያው በሌላ ገላ ውስጥ ብዙ ተኩሷል። ገላውም በሌላ ማቀባበያ ብዙ ተኩሷል። ሁለቱ አብረው ግን አንድም ጊዜ አልተኮሱም።

ደግሞ ሌላ ነገር። የተዘረፈ ዕቃ የሚገጥም ሰው የጎደለውን ነው የሚሞላው፤ አንዱ ሲሰበር አንዱን፣ አንዱ ሲጠፋ አንዱን። የዚህ ጠመንጃ ግን ምንም አልጎደለም፤ ሁሉም የራሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ያለ እሱ የማይተኮስበት ነገር፣ ከሌላ መጥቷል። የራሱስ የት ሄደ?

ቀትር ላይ የፊያቷ ውሃ ፈላና ሽባባው ከወንዝ ዳር አቆመ። ሰይዶ ወርደው ውዱእ አደረጉ፤ ሰገዱ። ሲጨርሱ ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ ሰይዶ፣ ይህ ጠመንጃ በዚህ ማቀባበያ ተተኩሶበት አያውቅም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ዘራፊ ቢሆኑ ኖሮ ይተኩሱበት ነበር።»

«ዘራፊ ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ?»

«‹የተገጣጠመ› ነው ያልኩት።»

«አዲስ አበባ የሚወስደኝ እሱው ነው፣ ልጄ።»

አፈርኩ። «የራሱ ማቀባበያ የት እንዳለ ይንገሩኝና ልርዳዎት።»

«አፌ ተዘግቷል። የዘጋሁት ደግሞ ብቻዬን አይደለም፤ ብቻዬን ልከፍተው አልችልም» አሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ ይመስል ጋቢያቸውን እያራገፉ ቀጠሉ፤ «ቡኢ ስንደርስ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ ኢስሀቅ የሚባል በርበሬ ነጋዴ አለ። የአገሬ ሰው ነው። ሰላም በይልኝ።»

«ሌላስ ምን ልበልልዎት?»

«ሰላም ይበቃል።»

ቡኢ ስንገባ አምሀና ሽባባው ምሳ ለመብላት ወረዱ። እኔ ከመናኸሪያው ከፍ ብዬ ሄድኩ። ሱቁን ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው፤ የማረቆ በርበሬ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ኢስሀቅ ሚዛን እየያዘ ነበር፤ ቀጭን፣ ጢሙ በሂና የቀላ ሰውዬ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ኢስሀቅ። ከጠመንጃ ምዝገባ ነው የመጣሁት።»

«ወአለይኩም ሰላም። ጠመንጃ?» ሳቁ። «እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ እህቴ። ሰው ላቃጥል ብል መሣሪያው ሞልቶልኛል።»

«ጋሽ ሰይዶ ሰላም ብለዎታል።»

የሚዛኑ ሳህን እጃቸው ላይ ቆመ። «ሰይዶ የት ነው ያለው?»

«እዚህ ከታች፣ መኪና ላይ። ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ነው። ጠመንጃቸውም።»

«ጠመንጃው ከ...» ቃሉን ነክሰው አስቀሩት።

«ከማቀባበያው ጋር» ብዬ ጨረስኩላቸው።

ኢስሀቅ አንዱ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ንገራት እንጂ!»

«ሀጀራ፣ መሐላ አለ።»

መጋረጃው ተገለጠና ሚስታቸው እጃቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ወጡ። «የማላችሁት እናንተ ወንዶቹ ናችሁ። እኔን ማን አማለኝ? እኔ ያን ቀን ለሽማግሌዎቹ ቆጮ ስጋግር ነው የዋልኩት። አንድ ሰው እንኳ ‹ሀጀራ፣ አንቺም ማይ› አላለኝም። ቁጭ በይ ልጄ።»

ቆሜ ነው የሰማኋቸው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ኢስሀቅ ገና መስቃን ሳሉ፣ የእሳቸውና የሰይዶ ቤተሰቦች በግጦሽ ድንበር ተጣልተው ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ ሰው ሞተ። ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው። የሟቾቹ ስም ዳግም እንዳይነሳ፣ ነገሩ በውጭ ሰው ፊት እንዳይወራ ተማማሉ። በመጨረሻ ሁለቱን ጠመንጃዎች ጎን ለጎን አጋድመው ማቀባበያቸውን አለዋወጡ።

«ቂሜን ልወጣ ብሎ ጠመንጃ የሚያነሳ ሰው፣ እጁ መጀመሪያ የሚነካው የዚያን ቤት ብረት ይሁን ተባለ» አሉ ሀጀራ። «ከዚያ ወዲህ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። አሁን ያ ብረት እሳት ከገባ እርቁም አብሮት ገባ። እኛ ሽማግሌዎቹ እንችለው ይሆናል። ጎረምሶቹ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም፤ እነሱም አልማሉም።»

«አላህ ይቅር ይበልሽ» አሉ ኢስሀቅ ቀስ ብለው።

«አሚን። አሁን ከማዳበሪያው ጀርባ አውጣው።»

ኢስሀቅ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲስቡ የበርበሬ ብናኝ ተነሳና ሦስታችንም ማስነጠስ ጀመርን። በእንባዬ ውስጥ ሆኜ ነው ቁጥሩን ያነበብኩት። ገላው 2093። ማቀባበያው 4417።

ይዤላቸው ልሂድ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ያልተመዘገበ ጠመንጃ በአደባባይ ይዞ መገኘት በዚያ ሰሞን ቀላል አልነበረም። ኢስሀቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔው እይዘዋለሁ። ያኔም እኔው ነኝ የሰጠሁት።» ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው በቡኢ ዋና መንገድ መሀል ለመሀል ወረዱ። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ አየን። ሀጀራ ከኋላችን እየተከተሉ፣ «ምን ታያላችሁ? ሠርግ መሰላችሁ?» ይሉ ነበር።

ሰይዶ ከሩቅ አይተውን ከመኪናው ወረዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ስለ ጠመንጃዎቹ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

አምሀ አፉን እየጠረገ ከምግብ ቤቱ ወጣ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? አንዱ አልበቃ ብሎሽ ሁለተኛ ጨመርሽ?»

ነገርኩት። ጠባሳዎቹን በመስታወቱ አሳየሁት። ሁለቱን ማቀባበያዎች አውጥቼ በፊያቷ የኋላ ሳንቃ ላይ ደረደርኩ፤ የ4417 ጥርሶች ከ4417 ገላ ጋር ጠባሳ ለጠባሳ እንደሚገናኙ እያመለከትኩ አብራራሁለት። አምሀ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። በረሃ ላይ ጠመንጃ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ ገባው።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» አለ ቀጥ ብሎ። ፊቱ ፈካ። «ለየባለቤቱ መልሺያቸው። ይህኛው ወደዚህ፣ ያኛው ወደዚያ። ሁለቱም ሙሉ ይሆናሉ፤ መዝግቤ አሰናብታቸዋለሁ። አለቀ!»

እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። 4417ን አንስቼ ወደ ሰይዶ ጠመንጃ አስጠጋሁት።

«ተይው!»

የጮኹት ሁለቱም ናቸው፣ በአንድ አፍ። ሰይዶ እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ተይው። ሌባ ብትይኝ ይሻለኛል። እሄዳለሁ፤ እጠየቃለሁ። እንደዚያ አድርገሽ ግን አትግጠሚው።»

ብረቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ብርኖ ሳለሁ ያስተማሩኝ የተበላሸውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ነው ግማሽ ዕድሜያቸውን ዝም ያሉት። 2093ን አነሳሁና ወደ ሰይዶ ጠመንጃ መልሼ አስገባሁት። 4417ን ወደ ኢስሀቅ። ሁለቱም ገጭ ብለው ተቀመጡ።

«የያዝኩት መመሪያ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው» አለ አምሀ፤ አሁን አይስቅም። «ሙሉ፣ ወይም የተገጣጠመ። እነዚህን የት ላስገባቸው?»

«ሁለቱን በአንድ ፈቃድ መዝግባቸው። አንዱ ያለ ሌላው እንዳይሸጥ፣ እንዳይወሰድ።»

«እንደዚህ ያለ ፈቃድ የለም።»

«ጠይቅ።»

ሽባባው ጎማ በእግሩ እየመታ፣ «ጠይቅ እንጂ ታጋይ» አለ። «እሷም ‹እንጃ› ብላ ነው እዚህ የደረሰችው።»

አምሀ ሽማግሌዎቹን አያቸው። እነሱ ጎን ለጎን የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ኢስሀቅ ለሰይዶ የበርበሬውን ዋጋ ያማርሩላቸዋል። «የኔ አገር ሰው ቢሆን ከመኪናው ላይ አስወርጄ እሸኘው ነበር» አለ ለብቻው እንደሚናገር። «የዚህስ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ዋስ ጠራ። ለሰይዶ ኢስሀቅ ዋስ ሆኑ፤ ለኢስሀቅ ሰይዶ። ሀጀራ፣ «ለሁለቱም እኔ» አሉ፤ አምሀ የእሳቸውንም ስም ጨመረ። ጠመንጃዎቹን ለየባለቤቶቹ አስረከበና የመገናኛ ሬድዮውን ከጋቢናው አውጥቶ የፊያቷ አፍንጫ ላይ አስቀመጠ። ሽቦውን እኔ ያዝኩለት። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ጊዜ ደጋገመው፤

«ከቡኢ ነው። ሁለት ቤልጅግ፤ ቁጥር 4417 እና 2093። ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ ማቀባበያቸው ግን በእርቅ ተለዋውጧል። በአንድ ፈቃድ መመዝገብ ይቻላል ወይ? መልስ እስኪደርሰን ድረስ በባለቤቶቹ እጅ ይቆያሉ። ጨርሻለሁ።»

ሬድዮው ሻሻ አለ። ጠበቅን። አምሀ ቁልፉን አዟዟረና እንደገና ጠበቅን። ከዚያ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ «ሰምተው ይሆናል» አለ። ሰይዶ ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ቡታጅራ የሚመለስ አውቶቡስ ፍለጋ ወደ መናኸሪያው ሄዱ፤ ኢስሀቅም ሊሸኟቸው አብረዋቸው ወጡ።

መልሱ በዚያ ሳምንት አልመጣም። በክረምቱም አልመጣም። አምሀ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የምዝገባው ቢሮ ስሙ ተቀየረ፤ ቆየት ብሎም ተዘጋ። እኔ ቡኢን ባለፍኩ ቁጥር ሀጀራ ከበርበሬው መሀል ብቅ ይላሉ።

«ያ ሬድዮ ዛሬስ መለሰ?»

«ኧረ የለም፣ እማማ ሀጀራ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይሉና ወደ ሚዛናቸው ይመለሳሉ።